ፎል ሪቨር፦ «የተገዛ ኳስ» ወይስ የከተማው ልጅ?

ዳዊት ከፕሮቪደንስ፦
ትናንት ማታ አንድ የአማርኛ የስፖርት ዝግጅት ስለ ዓለም ዋንጫው ሲያወራ፣ አሜሪካ ከፔሌ በፊት ፕሮፌሽናል እግር ኳስ እንደማታውቅ፣ የነበራት ቢኖር እንኳ «የተገዛ ኳስ» እንደሆነ ሲነገር ሰማሁ። አቅራቢው ይህን ብሎ ወደ ማስታወቂያ አለፈ፤ እኔ ግን ሌሊቱን ሙሉ ስብከነከን አደርኩ። የምኖርበት ከተማ ከማሳቹሴትሷ የጥጥ ከተማ ከፎል ሪቨር የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው፤ ለሥራም በሳምንት ሁለት ጊዜ እመላለሳለሁ። ከግራናይት የተገነቡት የጥጥ ፋብሪካዎች ዛሬም ቆመዋል፤ መስኮቶቻቸው ከዳር እስከ ዳር በረድፍ የተደረደሩ ናቸው፤ አንዳንዶቹ መኖሪያ ቤት፣ አንዳንዶቹ ሱቅ ሆነዋል። ፔሌ በ1975 ኒውዮርክ ከመግባቱ ከሃምሳ ዓመት በፊት፣ በእነዚያ ፋብሪካዎች ሲፈትልና ሲሸምን የሰነበተ ሕዝብ እሑድ እሑድ ገንዘቡን ከፍሎ ፕሮፌሽናል ኳስ ያይ ነበር። (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

የአሜሪካ እግር ኳስ ሊግ የተቋቋመው በ1921 ነው። በማግሥቱ ዓመት ሳም ማርክ የሚባል ነጋዴ የፎል ሪቨርን ክለብ ወሰደና ከራሱ ስም አውጥቶ ማርክስሜን አለው። ክለቡ ከ1924 እስከ 1926 ሦስት ጊዜ በተከታታይ የሊጉ ሻምፒዮን ሆነ፤ የአገሪቱን ዋንጫ ደግሞ በ1924፣ በ1927 እና በ1930 አነሣ። በ1927ቱ ፍጻሜ የዲትሮይቱን ሆሊ ካርቡሬተር በዚያው በዲትሮይት 7 ለ 0 ነው የረታው። ይህን ሁሉ «የተገዛ» በሚል አንድ ቃል ጠቅልሎ መጣል አግባብ ነው ወይ?

የመሐል አጥቂ፦
ወንድሜ ዳዊት፣ ቁጭትህ ይገባኛል፤ ሆኖም የፔሌው ነገር ስሕተት ቢሆንም ሁለተኛው አባባል ከእውነት የራቀ አይደለም። ያ ሊግ በ1920ዎቹ ከስኮትላንድ ተጫዋቾችን ያስኮበልል ስለነበር በዚያ አገር «የአሜሪካ ሥጋት» እስኪባል ድረስ ደርሶ ነበር፤ ተጫዋቾቹ በአገራቸው ክለብ ውል እያላቸው ነበር መርከብ የሚሳፈሩት። የማርክስሜን ዋና ጎል አግቢ የነበረው ሃሮልድ ብሪተን ከቼልሲ የመጣ እንግሊዛዊ ነው። የስኮትላንድ ብሔራዊ ተጫዋች የነበረው አሌክ ማክናብ በ1924 ከሞርተን ወደ ቦስተን መጣ፤ በኋላም ፎል ሪቨር ገባ። ባለቤቱ ነጋዴ፣ ተጫዋቹ ከባሕር ማዶ፣ ሜዳው እንኳ ከከተማው ወጥቶ በሌላ ክፍለ ግዛት የተሠራ ነው። በከተማው ያልተጫወተ የከተማ ክለብ ምን ዓይነት ነው? እኔም «የተገዛ» እላለሁ።

ዳዊት ከፕሮቪደንስ፦
የሜዳውን ጉዳይ በማንሣትህ አመሰግንሃለሁ፤ ከሁሉ ይበልጥ የሚያስረዳልኝ እርሱ ነውና። የማሳቹሴትስ ሕግ በሰንበት ፕሮፌሽናል ጨዋታ ይከለክል ነበር። የፋብሪካ ሠራተኛ ሙሉ ቀን የሚያርፈው ደግሞ እሑድ ብቻ ነው። ስለዚህ ሳም ማርክ ስታዲየሙን ሮድ አይላንድ ውስጥ፣ ሰሜን ቲቨርተን ላይ፣ ከክልሉ ወሰን ማዶ ሠራው። «ሌላ ክፍለ ግዛት» ሲባል ሩቅ አገር ይመስላል። እኔ ቦታውን በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ ከፎል ሪቨር ደቡባዊ ጫፍ ስትነሣ ቤቶቹ እንደተያያዙ ይቀጥላሉ፣ መንገዱም ያው መንገድ ነው፤ ወሰኑን መሻገርህን የምታውቀው ሰሌዳ በማየት ብቻ ነው። ሠራተኛው በእግሩ የሚሄድበት ቦታ ነበር። በ1920 የከተማው ሕዝብ 120,485 ሲሆን ስታዲየሙ ወደ 15,000 ሰው ይይዛል ይባል ነበር። ከሠራተኛው የዕረፍት ቀን ጋር እንዲገጥም የተሠራ ሜዳ ከሠራተኛው የራቀ ሊባል አይችልም።

ደግሞም ማርክ ባዶ ቦታ ላይ አልጀመረም። የፎል ሪቨር ሮቨርስ የአሜሪካን ዋንጫ በ1888 እና በ1889 ወስዷል። በ1917 ደግሞ በትልቅ ኩባንያ ገንዘብ የሚደገፈውን ቤተልሔም ስቲልን 1 ለ 0 አሸንፎ የአገሪቱን ዋንጫ አነሣ። የዚያ ቡድን አምበል ቶማስ ስዎርድስ የፎል ሪቨር ልጅ ነው፤ አሜሪካ በ1916 ስቶክሆልም ላይ የመጀመሪያውን ይፋዊ ጨዋታዋን ስታደርግና ስዊድንን 3 ለ 2 ስትረታ አምበሏ እርሱ ነበር። ማርክ የገዛው ክለብ እንጂ ኳስ አይደለም።

ሶስና፦
«የተገዛ» የሚለው ቃል ላይ ሁለታችሁም ተጣብቃችኋል፤ እኔም መልቀቅ አልፈልግም፣ ምክንያቱም በዚያች ከተማ ከባሕር ማዶ ያልመጣ ማን ነበር? ኳሱን ያመጡት ከላንክሻየር የመጡ ፈታዮችና ሸማኔዎች ናቸው፤ ከእነርሱ በኋላ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ካናዳውያን፣ ከዚያም ከአዞረስ ደሴቶች ፖርቱጋሎች መጡ። ፋብሪካው ሁሉንም አስመጥቷል። ሸማኔው ለደመወዝ ባሕር ተሻግሮ ሲመጣ ስደተኛ ሠራተኛ ከተባለ፣ አጥቂው ለደመወዝ ባሕር ተሻግሮ ሲመጣ ሸቀጥ የሚሆንበት ምክንያት አይታየኝም። በስደት እንጀራ የምንበላ ሰዎች ይህን ቃል ስንናገር ልንጠነቀቅ ይገባናል።

ልጆቹንም ተመልከቱ። በርት ፓተኖድ በ1909 ፎል ሪቨር ተወለደ፤ ቢሊ ጎንሳልቬስ በ1908 በአቅራቢያው በፖርትስመዝ፣ ሮድ አይላንድ፣ ከማዴይራ ከመጡ ወላጆች ተወለደ። ሁለቱም ለማርክስሜን ተጫውተዋል፤ ሁለቱም በ1930 ከአሜሪካ ብሔራዊ ቡድን ጋር ሞንቴቪዴዮ፣ በመጀመሪያው የዓለም ዋንጫ ላይ ነበሩ። ሐምሌ 17 ቀን ፓተኖድ በፓራጓይ ላይ ሦስት ጎል አገባ፤ ይህም በዓለም ዋንጫ ታሪክ የመጀመሪያው ሐትሪክ ነው። ከሦስቱ ጎሎች አንዱ ለሌላ ሰው እየተጻፈ ስለኖረ ፊፋ እውነቱን ያጸደቀው በ2006 ነው፤ ባለ ጎሉ ከሞተ ከብዙ ዓመታት በኋላ። ከዚያ ቡድን 16 ተጫዋቾች ብሪታንያ የተወለዱት ስድስት ብቻ ሲሆኑ፣ ከስድስቱም በብሪታንያ በፕሮፌሽናልነት የተጫወተው ጆርጅ ሙርሃውስ ብቻ ነው፤ እርሱም ለትራንሜር ሮቨርስ ሁለት የሊግ ጨዋታ ነው ያደረገው። ታዲያ ያ ቡድን ግማሽ ፍጻሜ የደረሰው በማን ልጆች ነው?

የመሐል አጥቂ፦
እኅቴ ሶስና፣ የብሔራዊ ቡድኑን ታሪክ አልካድኩም፤ ስለ ስደተኛ ያልሽውንም አከብራለሁ። የእኔ ነገር ግን ስለ ክለቡ ነው። «የተገዛ» ስል የተጫዋቹን የትውልድ አገር ማለቴ አይደለም፤ ባለቤቱ ሲፈልግ አንሥቶ የሚወስደው ነገር ማለቴ ነው። የሆነውም ይኸው ነው። በ1931 ሳም ማርክ ቡድኑን ይዞ ኒውዮርክ ገባ፣ ከሌላ ክለብ ጋር አዋሐደው፣ ስሙንም ያንኪስ አለው። የከተማው ሰው አልተጠየቀም። የከተማው ቢሆን ኖሮ በአንድ ሰው ሻንጣ ተጭኖ አይሄድም ነበር።

ጋሽ ይልማ፦
ልጆቼ፣ ስለ ሻንጣው ከመከራከራችሁ በፊት ቤቱን ማን እንዳቃጠለው ብታዩ ይሻላል። በ1928 የሊጉ አለቆች የአገሪቱ ዋንጫ በውድድር ዘመናችን መሐል ይገባብናል ብለው ክለቦቻቸው ከዋንጫው እንዲወጡ አዘዙ። ቤተልሔም ስቲል፣ የኒውዮርክ ጃይንትስና ኒውአርክ እምቢ አሉ፤ ሊጉ አገዳቸው። የአገሪቱ የእግር ኳስ ፌዴሬሽንም በፊፋ ድጋፍ ሊጉን ሕገ ወጥ አለው፤ የታገዱት ክለቦች ወጥተው ሌላ ሊግ ተቋቋመ። በአንድ አካባቢ ሁለት ፕሮፌሽናል ሊግ ሆኖ ተመልካቹ ለሁለት ተከፈለ። እርቅ የወረደው በጥቅምት 1929 ነው፤ ያው የአክሲዮን ገበያው የወደቀበት ወር። ማርክስሜን በዚህ ሁሉ መሐል ከሊጉ ጎን ነው የቆመው። ፌዴሬሽን ስሕተት ቢኖርበትም ሕግ ነው፤ ሕግን የናቀ ክለብ ቤቱ ሲፈርስ ማንንም ሊከስ አይችልም።

ዳዊት ከፕሮቪደንስ፦
ጋሼ፣ በአክብሮት አልስማማም። ፎል ሪቨር ከሊጉ ጎን የቆመው ኑሮው የሊጉ ጨዋታ ስለነበረ ነው፤ በየሳምንቱ ደመወዝ የሚከፍል ክለብ ለዋንጫ ጨዋታ ሲባል የሜዳ ጨዋታውን ሲያጣ ጉዳቱ በጥሬ ገንዘብ ነው። በዚያም የውድድር ዘመን የ1929ን የሊግ ሻምፒዮናነት አግኝቷል።

ጋሽ ይልማ፦
ቤተልሔም የሌለበትን ሊግ አሸንፎ ሻምፒዮን! ያንን እኔ አልቆጥርም።

ዳዊት ከፕሮቪደንስ፦
ቤተልሔም በሌላው ሊግ ያገኘውን ግን ይቆጥሩለታል? ሚዛኑ አንድ ይሁን እንጂ። እርቁ ከወረደ በኋላ በ1930 ሁሉም በተመለሰበት የአገሪቱን ዋንጫ የወሰደው ማን ነው? ፎል ሪቨር ነው።

ሶስና፦
ስለ 1929ኙ ሻምፒዮናነት መሟገቱን ለሌላ ቀን አቆዩት፤ ሁለታችሁም ስለ ከተማዋ ሆድ አልተናገራችሁም። የፎል ሪቨር ጥጥ መታመም የጀመረው ከ1929 በፊት ነው። ደመወዝ ወደሚረክስበት፣ አዳዲስ ፋብሪካ ወደሚተከልበት ወደ ደቡቡ የአገሪቱ ክፍል ሥራው ይሸሽ ነበር። በየካቲት 1928 የከተማዋን መሐል እሳት በላው። በ1931 ማዘጋጃ ቤቱ ዕዳውን መክፈል አቅቶት ገንዘቡን የክፍለ ግዛቱ ቦርድ ያዘው። እንግዲህ በዚያው በ1931 ነው ሳም ማርክ የሄደው። ፈታይዋ ደመወዝ ካላገኘች ለእሑድ የመግቢያ ከየት ታመጣለች? የፌዴሬሽን ጠብ ኒውዮርክን ቢጎዳ ኒውዮርክ ሌላ መተዳደሪያ አላት፤ ፎል ሪቨር ግን ከጥጥ በቀር ምንም አልነበራትም። ቤተልሔም ስቲልም እንኳ ያን የሚያህል ኩባንያ ከኋላው ቆሞ በ1930 ፈርሷል።

የመሐል አጥቂ፦
ሶስና የእኔን ነገር አጠናከረችልኝ። ገንዘቡ ሲደርቅ ኳሱም ደረቀ ማለት ነው።

ሶስና፦
አላጠናከርኩልህም። እኔ የደረቀው የሕዝቡ ደመወዝ ነው አልኩ፤ አንተ የአንድ ነጋዴ ኪስ አደረግኸው። ክለቡ የቆመው ከሠራተኛው በሚገባ ገንዘብ ከነበረ የከተማው ነበር ማለት ነው፤ ስለዚህም ነው ከከተማው ጋር የወደቀው።

ዳዊት ከፕሮቪደንስ፦
ሻንጣውንም እንፍታው። ማርክ ቡድኑን ሲያዛውር የ1931 የአገሪቱ ዋንጫ ውድድር ተጀምሮ ስለነበር ምዝገባው የፎል ሪቨር እንደሆነ ቀረ። በፍጻሜው ከቺካጎው ብሪክሌየርስ ጋር ሲገናኙ በመጀመሪያው ጨዋታ 6 ለ 2 አሸነፉ፤ ከስድስቱ አምስቱን ያገባው ፓተኖድ ነው፣ የፎል ሪቨሩ ልጅ። ማሊያው የኒውዮርክ፣ መዝገቡ የፎል ሪቨር፣ ጎሉ የፎል ሪቨር። እስከ ዛሬ ያ ዋንጫ የሚጻፈው በፎል ሪቨር ስም ነው።

ሰውየው ከሄደም በኋላ ኳሱ አልሄደም። የአዞረስ ልጆች በደሴታቸው ዋና ከተማ ስም የሰየሙት የፎል ሪቨሩ ፖንታ ዴልጋዳ በ1947 የአገሪቱን ክፍት ዋንጫና የአማተር ዋንጫ በአንድ ዓመት ወሰደ። በ1950 ቤሎ ኦሪዞንቴ ላይ እንግሊዝን 1 ለ 0 የረታው የአሜሪካ ቡድን ውስጥ ጆን ሱዛና ኤድ ሱዛ ነበሩ፤ ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ ወንድማማች አይደሉም፤ ሁለቱም የፎል ሪቨር ልጆች ናቸው። የሚገዛ ነገር ገዢው ከሄደ በኋላ ልጅ አይወልድም።

የመሐል አጥቂ፦
ወንድሜ፣ አሁን ራስህ ፈረድክ። «አማተር» ብለሃል። ጨዋታው የከተማው ነበር፤ ፕሮፌሽናሉ ግን የማርክ ነበር። የክርክራችን ርእስ ደግሞ ፕሮፌሽናሉ ነው።

ዳዊት ከፕሮቪደንስ፦
ርእሳችን «ኳስ» የሚለው ቃል ነበር፤ አቅራቢው «የተገዛ ኳስ» እንጂ «የተገዛ ክለብ» አላለም። የመጣንበትን መንገድ ወደ ላይ ተመልሰህ አንብበው። እኔ ግን ዛሬ ለዝግጅቱ የፓተኖድን ስምና የ2006ን ውሳኔ ጠቅሼ ደብዳቤ ልኬያለሁ፤ እርማት እስኪያነቡ ድረስም መጻፌን አልተውም።

ጋሽ ይልማ፦
ደብዳቤው መልካም ነው፣ ልጄ። የ1929ኙን ግን እንዳትጨምርበት።