ነጋዴ ባሕርን አልፈን ዳገቱ ላይ ሞተሩ ፈላ፣ ልጆች ይዘናል፣ ምን እናድርግ?

የአራዳ እናት
እባካችሁ ቶሎ መልሱልን። ከመተማ ወደ ጎንደር እየተመለስን ነጋዴ ባሕርን አልፈን ወደ አይከል የሚያወጣው ዳገት ላይ ቆመናል። የሙቀት ጌጁ ቀይ ገባ፣ ከፊት ወንበር ሥር እንፋሎት ወጣ። ውኃ ጨምረን ተነሣን፣ ሩብ ሰዓት ሳንሄድ ደግሞ ፈላ። መኪናው ዶልፊን ሚኒባስ ነው፤ የኋላ ወንበሮቹን አውጥተን አልጋ፣ ፍሪጅና የጋዝ ምድጃ አስገብተንበታል። ሦስት ልጆችና እናቴ አሉ፣ ያለ ኤሲ ውስጡ አይቻልም። ከመነሣታችን በፊት መካኒኩ «ቆላ ስለምትወርዱ» ብሎ ቴርሞስታቱን (ሞተሩ እስኪሞቅ ውኃው ወደ ራዲያተር እንዳያልፍ የሚይዘውን በር) አውጥቶልናል፣ ስለዚህ ችግሩ እሱ አይደለም። ውኃ አለን፤ ፊት ለፊት ባሠራነው ብረት ላይ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አስረናል። ባለቤቴ አሁን የራዲያተሩን ክዳን ሊከፍት ነው።

አዘዞ ጋራዥ
እህቴ፣ ክዳኑን እንዳይነካው! ታፍኖ የቆየው ውኃ ክዳኑ ሲላቀቅ በአንድ ጊዜ እንፋሎት ሆኖ ፊቱ ላይ ይተፋል። ሞተሩን አጥፉና ቢያንስ 40 ደቂቃ ጠብቁ። ከዚያ የላይኛውን ወፍራም የራዲያተር ጎማ በጨርቅ ጨበጥ ያድርገው። ከደነደነ ግፊት አለው፣ ገና ነው። ሲለሰልስ ወፍራም ጨርቅ ደርቦ ክዳኑን እስከ መጀመሪያው ማቆሚያ ብቻ ያዙር፣ ትንፋሹ እስኪያልቅ ይታገሥ፣ ከዚያ ተጭኖ ይክፈተው። ውኃውን ባንዴ እንዳይገለብጥ፤ የጋለ ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ቀዝቃዛ ውኃ ሲነካው ይሰነጠቃል። ሞተሩን አስነሥቶ በሚኒሞ እየሠራ ቀስ እያለ ይሙላ።

ጣና 7
ሞተሩ ምንድን ነው? ቱ ኤል፣ ስሪ ኤል ወይስ ፋይቭ ኤል? ስንት ሊትር ውኃ ወሰደ? ከሥር የሚንጠባጠብ አለ? ይህን ሳትነግሩን የምንለው ሁሉ ግምት ነው።

ደባርቅ መስመር
ኤሲ አጥፉ። ከሁሉ በፊት ኤሲ አጥፉ። የኤሲው ራዲያተር ከሞተሩ ራዲያተር ፊት ስለተቀመጠ ሙቀቱን በቀጥታ ወደ ኋላ ይነፋበታል። ስትነሡ ሂተሩን እስከ መጨረሻው ክፈቱት፣ መስኮቱን ሁሉ አውርዱ። ሂተር ማለት ሁለተኛ ትንሽ ራዲያተር ነው። ያቃጥላችኋል፣ ግን ቴስታታ ያድናል።

ቀበሌ 18
እንቁላል ካላችሁ አስኳሉን ራዲያተሩ ውስጥ ጨምሩ፣ ቀዳዳ ካለ ይደፍናል።

አዘዞ ጋራዥ
በፍጹም! እንቁላልም ሆነ በርበሬ አይገባም። የራዲያተሩና የሂተሩ ቱቦዎች ጠባብ ናቸው፤ አስኳሉ እዚያ ይጋገርና ትንሹን ችግር ትልቅ ያደርገዋል። የተቀደደው ጎማው ከሆነ በአሮጌ ከመነዳሪ ጥብቅ አድርጋችሁ ጠምጥሙት፣ በሽቦ እሰሩት፣ ክዳኑን መጀመሪያው ማቆሚያ ላይ ተዉት። ግፊት ስለማይኖር ጥገናው አይፈነዳም። ግን ቀስ ብሎ መሄድና በየመንገዱ ውኃ መሙላት ይጠይቃል።

መምህር ከማራኪ
ጥያቄው ውስጥ «እሱ አይደለም» የተባለው ነገር ራሱ ቢሆንስ? ቴርሞስታት ማውጣት ሞተርን ያቀዘቅዛል የሚለው አስተሳሰብ ጎንደር ውስጥ ሥር የሰደደ ነው፣ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ላስረዳ። በብዙ የቶዮታ ናፍጣ ሞተሮች ቴርሞስታቱ ሁለት በር አለው። ላይኛው ወደ ራዲያተር የሚወስደውን ይከፍታል፤ ታችኛው ዝርግ ክብ ብረት ደግሞ ውኃው ራዲያተሩን ሳይነካ ወደ ሞተሩ የሚመለስበትን አቋራጭ ይዘጋል። ቴርሞስታቱ ሲወጣ አቋራጩ ለዘላለም ክፍት ይሆናል። ውኃ ደግሞ ቀላሉን መንገድ ይመርጣል፤ ከፊሉ ሳይቀዘቅዝ ተመልሶ ሞተር ይገባል። ሜዳ ላይ ላይታወቅ ይችላል። ጭነት ይዞ ዳገት ሲወጣ ግን ይፈላል።

ሁለተኛው ከፍታ ነው። መተማ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 700 ሜትር ነው፣ አይከልና ጎንደር ከ2,000 ሜትር ያልፋሉ። ውኃ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ቀድሞ ይፈላል፣ ጎንደር ላይ በ93 ዲግሪ አካባቢ። ይህን የሚያካክሰው የራዲያተሩ ክዳን ነው፤ ላዩ ላይ 0.9 የሚል ካለው ያን ያህል ግፊት ይይዛል፣ የመፍያውንም ነጥብ ከ15 ዲግሪ በላይ ከፍ ያደርጋል። የክዳኑ ጎማ ከደረቀ ወይም ከተሰነጠቀ ያ ሁሉ ይቀራል። ስለዚህ ሲከፈት ጎማውን በጥፍር ፈተግ አድርጋችሁ እዩት። ከተሰነጠቀ አዲስ ክዳን ከሁሉም የሚረክስ ጥገና ነው።

የመተማ ሾፌር
መምህር፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ይህን መስመር የሚሠራው አብዛኛው ሾፌር ቴርሞስታት አውጥቶ ነው የሚሄደው፣ ምንም አይሆንም። የሚያፈላው በአራተኛ ማርሽ ዳገት መግፋት ነው። ሁለተኛ ያስገባና ሞተሩን ከ2,000 እስከ 2,500 ዙር ይያዘው። ፖምፓውና ቬንትሌተሩ የሚዞሩት በሞተሩ ዙር ነው፤ ሞተሩ በትንሽ ዙር ሲያጓራ ውኃ አይመላለስም፣ ንፋስም አይኖርም። ጌጁ ከግማሽ ሲያልፍ ይቁም፣ ቀይ እስኪገባ አይጠብቅ። ውኃው ካልጎደለ ሞተሩን አያጥፋ፣ ከሚኒሞ ትንሽ ከፍ አድርጎ ይተወው። ውኃው ካለቀ ግን ወዲያው ያጥፋ።

ጣና 7
ማርሹ ትክክል ነው። ቴርሞስታቱ ግን አብዛኛው ሰው ስላወጣው ትክክል አይሆንም።

ቀበሌ 18
ዳገቱን አይቶ ያልፈላ መኪና ቢኖር እንኳ ተሳፋሪው ይፈላል 😄 አይዟችሁ፣ ትደርሳላችሁ።

ሲስተር ጠ
ስለ ሞተሩ ሌሎቹ ይነግሯችኋል፣ እኔ ስለ ልጆቹና ስለ እማማ። ቆሞ በተዘጋ መኪና ውስጥ ማንም አይቀመጥ፤ ዛፍ ካለ ከሥሩ፣ ከሌለም በመኪናው ጥላ አንሶላ ወጥራችሁ ተቀመጡ። ውኃ በትንሽ በትንሹ፣ ቶሎ ቶሎ ስጧቸው። ኦአርኤስ ካላችሁ አንዱን ፓኬት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ በጥብጡ። ከሌለ ለአንድ ሊትር ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ከዚያ በላይ ጨው አይጨመር። ነጠላ አርጥባችሁ አንገታቸውና ብብታቸው ላይ አድርጉ፣ አራግቡላቸው። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ በዕረፍትና በውኃ ይሻላል። ሰው ከቀባጠረ፣ ከፈዘዘ ወይም ቆዳው እንደ እሳት እየጋለ ላቡ ከደረቀ ግን መኪናውን ተዉት፤ በሰውነቱ ላይ ውኃ እያፈሰሳችሁ ያገኛችሁትን መኪና አስቁማችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱ። እማማ የግፊት ወይም የሽንት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ከልጆቹ እኩል ተከታተሏቸው። የጋዙንም ሲሊንደር ከጋለው መኪና አውጥታችሁ ጥላ ውስጥ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት።

ፒያሳ
ማንም አላስተዋለም እንዴ? ጀሪካኖቹ ፊት ለፊት ነው የታሰሩት ብላለች! ባለ 20 ሊትር ሁለት ጀሪካን ጎን ለጎን ሲቆም የግንባሩን ወንፊት ከግማሽ በላይ ይጋርዳል። ንፋስ በየት በኩል ይግባ? አሁኑኑ አውርዷቸውና ከኋላ ወለሉ ላይ አድርጓቸው። ፖርቶመጋላ ላይ አትስቀሏቸው፣ 40 ኪሎ ጣሪያ ላይ ኩርባ ላይ ያወዛውዛል። በዚያው የራዲያተሩን ወንፊት እዩት፤ የቆላ አቧራና ነፍሳት ይደፍነዋል። ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ በቀስታ ውኃ አፍስሱበት። ከፊት ከገፋችሁት ቆሻሻው ወደ ውስጥ ይጠቀጠቃል።

የአራዳ እናት
እግዜር ይስጥልን። ፋይቭ ኤል ነው። ክዳኑን ቀዝቅዞ ከፈተው፣ 4 ሊትር ወሰደ፣ ከሥር የሚንጠባጠብ የለም። የክዳኑ ጎማ አንድ ቦታ ተሰንጥቋል። ጀሪካኖቹን አወረድናቸው። ልጆቹ ጥላ ውስጥ ናቸው፣ ትንሿ አንዴ አስመልሷታል፣ አሁን እየጠጣች ነው። ቬንትሌተሩን በጣት ሲነካው ብዙ ዙር ይዞራል፣ ይህ ጥሩ ነው መጥፎ?

አዘዞ ጋራዥ
መጥፎ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቁልፉ ወጥቶ፣ ገና እንደጋለ ሲሞከር ሊከብድ ይገባል፤ ተገፍቶ አንድ ዙር እንኳ ሳይሞላ መቆም አለበት። ዝም ብሎ ከዞረ የቬንትሌተሩ ፍሪሲዮን (ከሞተሩ ጋር የሚያያይዘው) ውስጥ ያለው የሲሊኮን ዘይት አልቋል ማለት ነው፤ ሞተሩ ሲግል ቬንትሌተሩ አብሮ አይጠነክርም። ጎንደር ስትገቡ ወይ ይቀየራል ወይ ዘይቱ ይሞላል። ቺንጋውንም መሐል ላይ በአውራ ጣት ይጫነው፤ ከአንድ ጣት ውፍረት በላይ ከገባ ላልቷል።

አንድ ነገር ደግሞ አረጋግጡ። ክዳኑ ክፍት ሆኖ ሞተሩ ሲሠራ ውኃው ውስጥ ሳያቋርጥ አረፋ የሚወጣ ከሆነ ወይም የዘይት ክዳኑ ሥር ቡና በወተት የሚመስል ነገር ካለ፣ የቴስታታው ጋርኒሲዮን (ከሥሩ ያለው ማሸጊያ) ሄዷል። ያኔ አትንዱት፣ በጭነት መኪና ይጫን። እነዚህ ከሌሉ መሄድ ይቻላል። አፍንጫው ወደ ዳገት እንደዞረ ሙሉት፣ አየሩ ወደ ላይ ይወጣል፤ የላይኛውን ጎማ ጨመቅ ጨመቅ አድርጉት። የሃይላንድ ውኃ ከወንዝ ውኃ ይሻላል፤ የወንዝ ከሆነ በነጠላ አጥልሉት። ኩላንቱን ጎንደር ላይ ከውኃ ጋር ግማሽ በግማሽ ትሞላላችሁ።

የመተማ ሾፌር
አሁን አትነሡ፣ 8 ሰዓት ነው፣ አስፋልቱ ራሱ እየነደደ ነው። 10 ሰዓት ሲሆን ተነሡ፣ ግን ሳይመሽ አይከል ግቡ። እናንተን የሚከተል መኪና ካለ አብራችሁ ውጡ። አይከል ላይ እደሩና ጎንደርን በጠዋት ግቡ።

ደባርቅ መስመር
ኤሲ እንዳትከፍቱ።

መምህር ከማራኪ
የአራዳ እናት፣ አይከል ደረሳችሁ? ትንሿስ እንዴት ሆነች?

ልደታ
እኔም ያወጣሁትን ቴርሞስታት ልመልሰው ነው። ደህና መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ጣና 7
ድስት ውስጥ ውኃ አድርግ፣ በክር አንጠልጥለህ አስገባው፤ የድስቱን ሥር አይንካ፣ እሱ ከውኃው በላይ ይግላል። ላዩ ላይ 82 የተጻፈ ከሆነ በዚያ አካባቢ መከፈት መጀመር አለበት። ሙሉ ለሙሉ የሚከፈተው 95 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ጎንደር ላይ ውኃው ከዚያ በፊት ስለሚፈላ እስከ መጨረሻው ባይከፈት አትጣለው። ከድስቱ ስታወጣው መልሶ ጥርቅም ብሎ መዘጋቱን እይ። ስትገጥመው ትንሿ የአየር ማስወጫ ፒን ወደ ላይ ትሁን፣ የጎማ ቀለበቱን አዲስ አድርግለት።