አዲሱ የአሜሪካ ፈጣን ባቡር 257 እየሮጠ ለምን ቶሎ አያደርስም?

የቦርከና ልጅ (ኮምቦልቻ)

ሰላም ወገን። ባቡር የሚወድ ሰው እዚህ አይጠፋም ብዬ ነው። አሜሪካኖቹ ነሐሴ 22 ቀን 2017 ዓ.ም. አዲስ ፈጣን ባቡር ሥራ አስጀምረዋል። ኔክስትጄን አሴላ ይባላል። ከቦስተን ተነስቶ በኒውዮርክ በኩል ዋሽንግተን ዲሲ ይገባል፣ 735 ኪ.ሜ. ገደማ። ከፍተኛ ፍጥነቱ በሰዓት 257 ኪ.ሜ. ነው። ቪዲዮውን ደጋግሜ አየሁት፣ ሲያምር!

የባቡር ወዳጆች የጻፉትን ሳነብ ግን ግማሹ ደስታውን አልቻለውም፣ ግማሹ ከፍቶታል። የከፋቸው የሚሉት አንድ ነገር ነው። አሮጌው አሴላ ቢበዛ 241 ነበር፣ አዲሱ 257 ሆነ፣ የጉዞው ሰዓት ግን እዚያው ነው። ከኒውዮርክ ዋሽንግተን 360 ኪ.ሜ. ገደማ ነው አሉ፣ ወደ 3 ሰዓት ይፈጃል። ይሄ አልገባኝም። 257 የሚሮጥ ባቡር 3 ሰዓት ሙሉ ምን ያደርጋል? ችግሩ የባቡሩ ነው ወይስ የሌላ? እኛም ደጃፍ ሐዲድ ተዘርግቶ ስለተቀመጠ ነገሩ ያገባኛል። የምታውቁ ንገሩኝ፣ ረዘም ቢልም አነባለሁ።

ዲሲ ወሎየ

የሀገሬ ልጅ፣ ሰላም ላንተ ይሁን። እኔ የደሴ ልጅ ነኝ፣ አሁን እዚሁ ዲሲ ነው የምኖረው። በአዲሱ ተሳፍሬ ኒውዮርክ ሄጃለሁ። ባቡሩ ራሱ እጅግ ጥሩ ነው። ጸጥ ያለ ነው፣ መስኮቱ ሰፊ ነው፣ ሐዲዱ ላይ ሲሄድ ብዙም አያንገጫግጭም። አሮጌው 6 ፉርጎ ነበረው፣ ይሄኛው 9 ነው፣ ከፊትና ከኋላ ደግሞ ሎኮሞቲቭ፣ ማለት ባቡሩን የሚነዳው ሞተር፣ አለው። መቀመጫው 386 ደርሷል፣ ከአሮጌው 27 በመቶ ይበልጣል። ለዚህ መስመር ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ ቲኬቱ ቶሎ ያልቃልና።

ጥያቄህን በተመለከተ፣ 257 የሚደርሰው አንዳንድ ቦታ ብቻ ነው። ሮድ አይላንድና ማሳቹሴትስ ውስጥ፣ ከዚያ ኒው ጀርሲ ላይ ትንሽ። ቀሪው መንገድ አይፈቅድለትም። ባልቲሞር ላይ አንድ ዋሻ አለ፣ የተሠራው በ1873 እ.ኤ.አ. ነው። አዎ፣ አድዋ ሳይዘመት በፊት! ውስጡ ስለሚጠማዘዝ ማንኛውም ባቡር፣ አዲስም ይሁን አሮጌ፣ በሰዓት 48 ኪ.ሜ. ነው የሚያልፈው። ኒውዮርክ ስትገባ ደግሞ በሃድሰን ወንዝ ስር የሚያልፉት ዋሻዎች ከ1910 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያሉ ናቸው። ባቡሩ አዲስ ነው፣ መንገዱ የቅድመ አያቶቻቸው ነው።

ሐዲድ ቀያሽ (ኮምቦልቻ)

ዲሲ ወሎየ በደንብ ብሎታል። እኔ የባቡር ፕሮጀክት ላይ በቅየሳ ስለሠራሁ ከዚያ በኩል ልጨምር።

የባቡር ፍጥነት ጠላቱ ኩርባ ነው። ኩርባ ላይ ወደ ውጭ የሚገፋው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም። ፍጥነቱን እጥፍ ብታደርገው ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። የኩርባው ራዲየስ በረዘመ ቁጥር ኩርባው ለስለስ ይላል። ስለዚህ በ120 ስትሄድ 800 ሜትር ራዲየስ የሚበቃህ ኩርባ፣ በ240 በዚያው ምቾት ለማለፍ 3,200 ሜትር ይፈልጋል። ይሄን በወረቀት ላይ ማስላት ቀላል ነው። መሬት ላይ ሲመጣ ግን የሰው ቤት አለ፣ ወንዝ አለ፣ ገደል አለ፣ መቃብር አለ። የአሜሪካው መስመር ኮነቲከት ላይ የባህር ዳርቻ ተከትሎ እየተጠማዘዘ ነው የሚሄድ፣ ዳርና ዳሩ ሁሉ ከተማ ነው። ያንን ማቃናት ማለት ከተማ ማፍረስ ማለት ነው። አዲሱ ባቡር ኩርባ ላይ ወደ ውስጥ ጋደል የሚልበት ሥርዓት አለው፣ ተሳፋሪው ግፊቱ እንዳይሰማው። ይሄ ይረዳል፣ ግን የኩርባውን ራዲየስ አይቀይረውም።

ሁለተኛው ሽቦው ነው። ከኒውዮርክ ወደ ዋሽንግተን ያለው የኤሌክትሪክ ሽቦ አብዛኛው በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. የተዘረጋ ነው። የዛሬ ዘመን መስመር ሽቦው ሁልጊዜ እኩል እንዲወጠር ጫፉ ላይ ክብደት ይንጠለጠልበታል። የድሮው ዝርጋታ ይሄ የለውም። ሲሞቅ ይረግባል፣ ሲበርድ ይወጠራል። የረገበ ሽቦ ስር በከፍተኛ ፍጥነት ብትሄድ ከባቡሩ ጣሪያ ላይ ኃይል የሚቀበለው ክንድ ሽቦውን ሊበጥሰው ይችላል። የተወሰነ ቦታ ታድሷል፣ ብዙው ገና ነው።

አሁን አማካዩን አስላው። 360ን ወደ 3 ሰዓት ለሚጠጋ ጊዜ ስታካፍል ከ120 እስከ 130 ኪ.ሜ. በሰዓት ይመጣል። ተሳፋሪን የሚያደርሰው ይሄ አማካይ ነው፣ 257 ማስታወቂያው ላይ ያለው ነው። 48 የምትሄድበትን ዋሻ 150 ብታደርገው የምታተርፈው ደቂቃ፣ 241ን 257 በማድረግ ከምታተርፈው በብዙ ይበልጣል።

ጦሳ ማዶ (ደሴ)

እኔ አልስማማም። ማብራሪያው ትክክል ነው፣ ውሳኔው ግን ልክ አይመስለኝም። መንገዱ እንደዚህ መሆኑን እያወቁ 28 ባቡር ማዘዝ ምን የሚሉት ነው? መጀመሪያ ዋሻውንና ሽቦውን አይሠሩም? በ1969 እ.ኤ.አ. ሜትሮላይነር የሚባለው ባቡር ከኒውዮርክ ዋሽንግተን ሳይቆም በ2 ሰዓት ከ30 ደቂቃ ይገባ ነበር። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አልፎ አዲስ ባቡር ገዝቶ እሱን አለመቅደም ያሳዝናል። እዚያ ያሉት ባቡር ወዳጆች ቢናደዱ እውነት አላቸው።

ዲሲ ወሎየ

ጦሳ ማዶ፣ ንዴትህ ይገባኛል። ግን አሮጌዎቹ ከ2000 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ሲሮጡ የኖሩ ናቸው፣ አርጅተዋል። መንገዱ እስኪያልቅ ቢጠበቅ ተሳፋሪው በምን ይሂድ? ደግሞ አዲሶቹ ራሳቸው ዘግይተው ነው የመጡት። የታዘዙት በ2016 እ.ኤ.አ. ነው፣ ይጀምራሉ የተባለው 2021 ነበር። የመጀመሪያው ቀን 5 ባቡር ብቻ ነው ሥራ የገባው፣ ሌሎቹ እየተጨመሩ ይሄዳሉ። ባልቲሞርም አዲስ ዋሻ እየተሠራ ነው፣ በፍሬድሪክ ዳግላስ ስም። እሱ ሲያልቅ ከ160 በላይ ይኬድበታል ተብሏል። ያኔ ፍጥነቱን የሚችል ባቡር ተዘጋጅቶ ይጠብቃል ማለት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ባቡሩ የተገጣጠመው ሆርኔል በምትባል የኒውዮርክ ግዛት ትንሽ ከተማ ነው፣ በፈረንሳዩ አልስቶም ፋብሪካ። ለዚያች ከተማ ሰው ይሄ እንጀራ ነው። ስለ ደቂቃ ስንከራከር ይሄም ይታሰብ።

እመቤት ከፒያሳ (ደሴ)

በክርክራችሁ መሀል ልግባ። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ የምጠይቀው ጥያቄ አለ፣ ቀያሽ ካለ ይመልስልኝ። የአዋሽ ወልድያ የባቡር መስመር ለምን በኮምቦልቻ አልፎ ደሴን ሳይነካ ሄደ? ደሴ ከ25 ኪ.ሜ. አይርቅም። የሐረጎን ዳገት ወጥቶ መግባት ለምን አቃተው?

ሐዲድ ቀያሽ (ኮምቦልቻ)

እመቤት፣ ጥያቄሽ የዋናው ጉዳይ ወንድም ነው። ኮምቦልቻና ደሴ በከፍታ 600 ሜትር ገደማ ይለያያሉ። ሐረጎን መኪና ሲወጣ እንዴት እንደሚያቃስት ታውቂያለሽ። ባቡር ብረት በብረት ላይ ነው የሚሄደው፣ እንደ ጎማ አይቆነጥጥም። ከባድ ጭነት የሚጎትት ባቡር በ100 ሜትር ከ2 ሜትር በላይ ባይወጣ ይመረጣል። በዚህ ልክ 600 ሜትር ለመውጣት 30 ኪ.ሜ. ሐዲድ ያስፈልጋል፣ እሱም ቀጥ ያለ ቦታ ከተገኘ ነው። ሐረጎ ላይ ቀጥ ያለ ቦታ የት አለ? እየተጠማዘዙ ወይ ዋሻ እየቆፈሩ ነው። ወጥቶ ደግሞ ወደ ሐይቅና ወልድያ አጠገብ ወዳለችው ሐራ ገበያ በኩል መውረድ አለበት። ጭነት ለሚያመላልስ መስመር ይሄ ሁሉ ወጪና ጊዜ ነው።

የሚገርመው ለፈጣን የመንገደኛ ባቡር ተቃራኒው ነው። ቀላልና ጉልበተኛ ስለሆነ ዳገት አይፈራም። ከፓሪስ ሊዮን ያለው የፈረንሳዩ ፈጣን መስመር በ100 ሜትር እስከ 3.5 ሜትር ይወጣል። ኩርባ ግን አይወድም። የጭነት ሐዲድ ተጠማዞ ዳገት ይሸሻል፣ ፈጣኑ ዳገቱን ወጥቶ ኩርባ ይሸሻል። ለዚህ ነው አንዱን መስመር ለሁለቱም ማድረግ የሚከብደው፣ አሜሪካም የተቸገረችው እዚህ ላይ ነው፣ በአሮጌ የጋራ ሐዲድ ላይ ፈጣን ባቡር ልታስኬድ።

የቦርከና ልጅ (ኮምቦልቻ)

አላህ ይስጥልኝ፣ አሁን ገባኝ። ታዲያ በአፍሪካስ? ሞሮኮ 320 ትሄዳለች ሲባል እሰማለሁ። እነሱ እንዴት አደረጉት?

ጦሳ ማዶ (ደሴ)

እኔ የምለውን ነው ያደረጉት! አል ቡራቅ ይባላል፣ በ2018 እ.ኤ.አ. ጀመረ። ከታንጀር ቀኒጥራ ከ180 ኪ.ሜ. በላይ አዲስ ሐዲድ ለብቻው አነጠፉ፣ 320 የሚሮጠው እሱ ላይ ነው። ከቀኒጥራ ካዛብላንካ ደግሞ በነባሩ፣ በታደሰው መስመር ይቀጥላል። ታንጀር ካዛብላንካ 4 ሰዓት ከ45 ደቂቃ የነበረው 2 ሰዓት ከ10 ሆነ። መንገዱን ስላስቀደሙ ተሳፋሪው በሰዓቱ ላይ አየው።

ታንዛኒያም በ2024 እ.ኤ.አ. ከዳሬሰላም ዶዶማ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ባቡር ጀመረች፣ እስከ 160 ይሮጣል። የሠራላቸው የኛን መስመር የሠራው ተቋራጭ ነው፣ የቱርኩ ያፒ መርከዚ። ይሄን ሳይ ነው አንጀቴ የሚቃጠለው። የኛው ከአዋሽ ኮምቦልቻ 270 ኪ.ሜ.፣ ከኮምቦልቻ ሐራ ገበያ 122 ኪ.ሜ.፣ ለ120 ፍጥነት የተነደፈ። ዋሻው ተቆፍሯል፣ ድልድዩ ቆሟል፣ ሐዲዱ ተነጥፏል። ኤሌክትሪኩ በጊዜው አልደረሰም፣ ከዚያ ጦርነቱ መጣና በ2014 ዓ.ም. ስንት ንብረት ተዘረፈ፣ ወደመ። እኔ 257 አልጠየቅሁም። በአማካይ 90 ቢሄድ እንኳ ከኮምቦልቻ አዋሽ 3 ሰዓት ነው። ከአዋሽ ደግሞ የአዲስ አበባ ጅቡቲ መስመር አለ። ነፍሰ ጡር ሴት፣ የታመመ ሰው፣ ሌሊት ተነስቶ ጣርማበርን በጭጋግ የሚያቋርጥ ሾፌር፣ ለነዚህ 90 ይበቃል።

እመቤት ከፒያሳ (ደሴ)

ኧረ 70ም ይበቃል! ደሴ ባይገባም ግድ የለኝም፣ በሚኒባስ ኮምቦልቻ ወርጄ እሳፈራለሁ።

ሐዲድ ቀያሽ (ኮምቦልቻ)

ጦሳ ማዶ ስለ መብራቱ ያልከው ልክ ነው። የኤሌክትሪክ ባቡር ከከተማ መብራት ተቀጥሎ አይነሳም። ከዋናው ከፍተኛ መስመር ኃይል የሚቀበሉ የባቡር ማከፋፈያ ጣቢያዎች በመስመሩ ዳር በየርቀቱ መኖር አለባቸው፣ ወደ 25 ሺህ ቮልት አውርደው ለሽቦው የሚሰጡ። አንዱ ክፍል ኃይል ካጣ ባቡሩ እዚያ ይቆማል። ስለዚህ ሐዲዱን አይቶ አልቋል ማለት አይቻልም። ደግሞ ሐዲድ ካልተሄደበት ይዝጋል፣ ጎርፍ ከስሩ ጠጠሩን ይወስድበታል፣ ቦልት ይፈታል። ባቡር ሳይሄድበትም ጥገና ይፈልጋል። እኔን ከፍጥነቱ ይልቅ የሚያሳስበኝ ይሄ ነው።

የቦርከና ልጅ፣ ካራቆሬ አካባቢ ያሉትን ዋሻዎች ካላየህ አንድ ቀን በመኪና ስትሄድ ከመንገዱ አሻግረህ ተመልከት። ስለ ኩርባና ዳገት ያወራነውን እዚያ ተሠርቶ ታየዋለህ።

የቦርከና ልጅ (ኮምቦልቻ)

ኢንሻ አላህ አያለሁ። ዲሲ ወሎየ፣ የባልቲሞሩን ዋሻ ስታልፍ ቪዲዮ ቅረጽልንና እዚሁ ለጥፍልን፣ 48ቱን እንየው።