ሰሜን ማኒቶባ ሪዘርቭ ውስጥ የቤቶች ሥራ ተሰጠኝ፤ ገንዘቡ ከየት ይመጣል? የሚጠግነውስ ማን ነው?

የጎፋ ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ዊኒፔግ ነው። አገር ቤት ኮንዶሚኒየም ሳይት ላይ ፎርማን ሆኜ ሠርቻለሁ፤ እዚህ ከመጣሁ ወዲህ ጂፕሰም ቦርድ ስለጥፍ ነበር። አሁን ሰሜን ማኒቶባ፣ ሪዘርቭ በሚባለው ለነባር ሕዝቦች በተከለለ መሬት ላይ ያለ አንድ የፈርስት ኔሽን (የካናዳ ነባር ሕዝብ) ማኅበረሰብ ለቤቶች ክፍሉ ምክትል ኃላፊ እንድሆን ጠይቆኛል። ደመወዙ ጥሩ ነው፣ ማረፊያም ይሰጣሉ። ቦታው የሚደረሰው በአውሮፕላን ነው፤ መኪና የሚገባው ሐይቁ በረዶ ሆኖ ሲጠና ብቻ ነው።

ግንባታው አያስፈራኝም። ያልገባኝ አሠራሩ ነው። ቃለ መጠይቁ ላይ ስለ «ዘጠና አምስት ቤቶች»፣ ስለ ሚኒስትር ዋስትና፣ ስለ መጠባበቂያ ሒሳብ ሲያወሩ ዝም ብዬ ራሴን እነቀንቅ ነበር። ሰዎቹ እንደኛ ከባንክ ተበድረው ለምን አይሠሩም? ቤቱ የማን ነው? ቧንቧ ሲፈነዳ የሚከፍለው ማን ነው? እኛ ሰፈር ቡና ላይ የሚወራው «መንግሥት በነጻ ይሰጣቸዋል» የሚል ነው። በነጻ የሚሰጥ ከሆነ ታዲያ ያ ሁሉ ወረፋ ጠባቂ ምንድን ነው? የሚያውቅ ካለ ያስረዳኝ።

ሸገር በበረዶ

ወንድሜ ግባና ብርህን ያዝ፣ ብዙ አትመራመር። ግብር አይከፍሉም፣ ቤት ይሠራላቸዋል፣ ይበላሻል፣ ሌላ ይሠራላቸዋል። እኛ እዚህ በሁለት ሺፍት ሞርጌጅ (የቤት ብድር) እንገፋለን።

ሒሳብ ሹሟ

የጎፋ ልጅ፣ እኔ እንዲህ ባለ ማኅበረሰብ የቤቶች ክፍል ሒሳብ ስይዝ ዓመታት ቆይቻለሁ። የትኛው እንደሆነ አልናገርም፣ ሰዎቹ ዘመዶቼ ሆነዋል።

መጀመሪያ ለሸገር በበረዶ። ከግብር ነጻ የሚሆነው ሪዘርቭ ላይ የተገኘ ገቢ ነው፤ ዊኒፔግ ተቀጥሮ የሚሠራ የክሪ (አንዱ የፈርስት ኔሽን ሕዝብ) ልጅ እንዳንተው ይቆረጥበታል። «ነጻ ቤት» ያልከውን ደግሞ እኔ በየወሩ ኪራይ ስመዘግብበት ኖሬአለሁ።

አሁን ወደ ጥያቄው። ሪዘርቭ ላይ ያለ መሬት በሕግ የዘውዱ፣ ማለትም የካናዳ መንግሥት ነው፤ ለማኅበረሰቡ ጥቅም ተብሎ የተያዘ። መነሻው 1876 የሆነው ኢንዲያን አክት ዛሬም ይሠራል፣ አንቀጽ 89ኙም እዚያ ያለ የነባር ሕዝብ ንብረት በሕጉ «ኢንዲያን» ወይም «ባንድ» (የነባር ሕዝብ ማኅበረሰብ) ላልሆነ ወገን በዋስትና ሊያዝ ወይም ሊወረስ አይችልም ይላል። ሕጉ ሲወጣ መሬቱን ከነጋዴና ከአበዳሪ ለመከላከል ነበር፣ በዚያ በኩል ሠርቷል። ባንክ ግን ሊወርሰው በማይችለው ቤት ላይ ሞርጌጅ አይሰጥም። ስለዚህ ጥሩ ደመወዝ ያላት አስተማሪ፣ ክሬዲቷ ከአንተም ከእኔም የተሻለ ሆኖ፣ እዚያው ተወልዳ ባደገችበት መንደር ተራ ሞርጌጅ አታገኝም። አገር ቤት እንኳ መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ቢሆንም ቤትህን ለባንክ ታስይዛለህ።

መውጫው የሚኒስትር ዋስትና ነው። የማኅበረሰቡ ምክር ቤት ተሰብስቦ በውሳኔ ይጠይቃል፣ የነባር ሕዝቦች አገልግሎት ሚኒስትር ለባንኩ ዋስ ይሆናል። ተበዳሪው ካልከፈለ ባንኩ ሚኒስትሩን ይጠይቃል፣ ሚኒስትሩ ዞሮ ምክር ቤቱን ያስከፍላል። ይኸውልህ የሥራህ እምብርት። አንድ ሰው ኪራይ ወይም ብድር ሲያቋርጥ ዕዳው የመንደሩ ሁሉ ነው፤ ያ ሳይስተካከል ለሚቀጥሉት ቤቶች አዲስ ዋስትና ማግኘት ከባድ ነው።

«ዘጠና አምስት» ያሉህ የብሔራዊ ቤቶች ሕግ አንቀጽ 95 ነው፤ ሲኤምኤችሲ የሚባለው የፌዴራሉ የቤቶች ኮርፖሬሽን ያስተዳድረዋል። ማኅበረሰቡ ተበድሮ የኪራይ ቤት ይሠራል፣ ኮርፖሬሽኑ ደግሞ በየወሩ ለብድሩና ለቤቱ ወጪ ድጎማ ይልካል። ቀሪው ከኪራይ መምጣት አለበት። ሥራ ያለው ከደመወዙ ይከፍላል፣ ሥራ የሌለውን የማኅበራዊ ድጋፉ የመጠለያ አበል ይከፍልለታል። በስምምነቱ መሠረት ለጣሪያ፣ ለማሞቂያ፣ ለመስኮት መተኪያ የሚሆን ገንዘብ በየዓመቱ በተለየ የባንክ ሒሳብ ይቀመጣል። መጠባበቂያ ያሉህ እሱን ነው።

የሚያመው እዚህ ነው። ጥር ላይ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 40 ሲሆንና የአንድ ቤት ፈርነስ (ማሞቂያው) ሲሞት፣ ክፍሉ ውስጥ ያለው ብቸኛ ጥሬ ገንዘብ መጠባበቂያው ነው። ያ ቤት የዘጠና አምስት ቤት ላይሆን ይችላል፤ ሕፃናት ውስጥ አሉ፣ ቴክኒሻኑ በቻርተር አውሮፕላን ነው የሚመጣው። ምን ታደርጋለህ? ትፈርማለህ። «በሚቀጥለው ሩብ ዓመት ይመለሳል» ትላለህ። ሩብ ዓመቱ ሲደርስ ሌላ ፈርነስ ይሞታል። ዓመቱ ሲያልቅ ኦዲተሩ መጠባበቂያው ይህን ያህል መሆን ነበረበት፣ ባንክ ያለው ግን ይህን ያህል ነው ብሎ ማስታወሻ ይጽፋል። ማንም አልሰረቀም። ከተማ ያለው አንባቢ ግን ሪፖርቱን ሲያይ «በሉት» ይላል።

ከዚያ የባሰው ብድሩ ሲያልቅ ነው። ስምምነቱ ብዙ ጊዜ 25 ዓመት ነው፤ ብድሩ ተከፍሎ ሲያበቃ ድጎማውም ያበቃል። በወረቀት ደስ ይላል፣ ዕዳ የለብህም። ግን 25 ዓመት የሞላው ቤት ሁሉም ነገሩ አንድ ላይ የሚያረጅበት ጊዜ ነው፤ ያ ቤት ለአንድ ቤተሰብ ታስቦ ተሠርቶ ሦስት ቤተሰብ ሲያድርበት ኖሯል። ለአምስት ሰው የታሰበ ውሃ ማሞቂያ ለአሥራ አንድ ሰው ሲሠራ አስበው። ፊርማው ላይ ሪባን የሚቆርጥ ብዙ ነው፤ በሃያ ስድስተኛው ዓመት የሚደውል የለም።

የቀበሌ ቤት ያደገ ሰው ይሄ ቶሎ ይገባዋል። ኪራዩ አምስትና አሥር ብር፣ ጣሪያው ቢያፈስ ቀበሌው በጀት የለውም፣ አንተ ልትጠግን ብትል ፈቃድ ያስፈልጋል፣ የአንተም አይደለም፣ ትተህም አትሄድም። ማንም ኮልፌ ያለ የቀበሌ ቤት ነዋሪን «በነጻ ተሰጥቶት አበላሸው» አይለውም።

ሸገር በበረዶ

እሺ፣ የቀበሌውን አልክድም፣ እኔም እዚያው ነው ያደግኩት። ግን በየዓመቱ ቢሊዮን ይመደባል እየተባለ እንሰማለን። የት ይገባል?

ሒሳብ ሹሟ

የካናዳ ዋና ኦዲተር ካረን ሆጋን በመጋቢት 2024 ያወጣችውን ሪፖርት አንብበው፣ ረጅም አይደለም። ከ2003 ወዲህ በዚሁ ጉዳይ ለአራተኛ ጊዜ ነው መሥሪያ ቤቱ ተመሳሳይ ነገር የሚናገረው። መንግሥት በ2030 የቤት ክፍተቱን እዘጋለሁ ብሎ ነበር፣ ሪፖርቱ ሲወጣ ግን 80 በመቶው ፍላጎት እንዳልተሟላ ነበር። የፈርስት ኔሽኖች ጉባኤ በ2021 ክፍተቱን በ44 ቢሊዮን ዶላር ገምቶታል። እኔን ያናደደኝ ሌላው ነው፦ የዘጠና አምስትን ገንዘብ ለየክልሉ ሲያከፋፍሉ የተጠቀሙት የ2001ን የሕዝብ ቆጠራ ነበር። ያኔ የተወለደ ልጅ ዛሬ ራሱ ቤት ጠያቂ ነው። በዚህ ስሌት ማኒቶባ፣ ሳስካችዋንና አልበርታ ማግኘት ከሚገባቸው በታች ሲያገኙ ቆይተዋል፤ ቤቶቹ በጣም የተጎዱበት አካባቢ ደግሞ ይሄው ነው።

አናጺው ከተንደር ቤይ

እህታችን ገንዘቡን ጨርሳዋለች፣ እኔ ስለ እንጨቱ ልናገር። ሰሜን ኦንታሪዮ በአውሮፕላን ብቻ በሚደረስባቸው መንደሮች ሠርቻለሁ።

የጎፋ ልጅ፣ ጌታህ የበረዶው መንገድ ነው። ብዙውን ጊዜ ከጥር አጋማሽ እስከ መጋቢት አጋማሽ ቢከፈት ነው፤ እሱም እየሳሳ ነው። የካቲት 2024 ላይ ሙቀቱ ከብዶ መንገዱ አልጠና ብሎ የሰሜን ኦንታሪዮ ማኅበረሰቦች አስቸኳይ ሁኔታ አውጀዋል። የመንግሥት በጀት ዓመት የሚዘጋው በፈረንጆቹ መጋቢት 31 ነው። አሁን ገጣጥመው፦ ገንዘቡ በጋ ላይ ጸደቀ እንበል። ጨረታ፣ ግዢ፣ ዕቃው ከተማ ተከማችቶ ጥር ይጠብቃል። የካቲት ላይ በካሚዮን ገባ። መጋቢት ላይ በጀቱ ተዘጋ፤ አንተ ግን መሬቱ እስኪለቅ መሠረት መቆፈር አትችልም። የምትሠራው በሚቀጥለው በጋ ነው። ስለዚህ ገንዘቡ ወደ ሚቀጥለው ዓመት እንዲሻገር የሚጠይቀው ደብዳቤ በሰዓቱ መጻፍ አለበት፣ ካልተጻፈ ጉድ ነው። አንድ ካሚዮን ሙሉ በር መጥቶ ማጠፊያው ከተማ የቀረበት ሳይት አውቃለሁ። ማጠፊያው በፕሌን መጣ። ዋጋውን አትጠይቁኝ።

ሻጋታ ሌላው ነው። ሰዎች «አያጸዱም» ይላሉ። ጠባብ ቤት ውስጥ ብዙ ሰው ሲተነፍስ፣ ሲያበስል፣ ልብስ ሲያደርቅ እርጥበቱ መውጫ ይፈልጋል። የአየር ማስወጫው ማሽን ማጣሪያው ስለማይቀየር ታፍኖ ቆሟል፤ ወይ መብራት ይበላል ተብሎ ጠፍቷል። እርጥበቱ ግድግዳው ውስጥ ይገባል። ከውጭ ስታየው ቤቱ አዲስ ነው፣ ቦርዱን ስትከፍት ጥቁር።

ደግሞ ልብ በል፣ ሪዘርቭ የፌዴራል መሬት ስለሆነ የክፍለ ሀገሩ የግንባታ ኮድ በራሱ አይሠራበትም። ለዘጠና አምስት ቤቶች ሲኤምኤችሲ ብሔራዊውን ኮድ ይጠይቃል። ለሌላው ግን ምክር ቤቱ በራሱ ደንብ ካልተቀበለው ተቆጣጣሪ የሚባል ሰው ላይመጣ ይችላል። አንተ ኮንዶሚኒየም ላይ የነበርክ ስለሆንክ ኮንትራክተር ማንም እንደማያየው ሲያውቅ ምን እንደሚያደርግ አልነግርህም።

የጎፋ ልጅ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ይሄን ያህል አልጠበቅኩም። እህቴ ሒሳብ ሹሟ፣ አንድ ልጨምር። እንዲህ ከሆነ የተሳካለት የለም ማለት ነው? ደግሞ ኪራይ የማይከፍል ሲኖር እኔ ነኝ ማስታወቂያ የምወስደው?

ሒሳብ ሹሟ

የተሳካላቸውማ አሉ፣ መንገዳቸው ግን የተለያየ ነው። ሞንትሪያል ጫፍ ያሉት የካናዋኬ ሞሃውኮች በ1987 የራሳቸውን የቁጠባና ብድር ተቋም ዴዣርደን ከሚባለው የኩቤክ የብድር ማኅበራት ድርጅት ጋር ከፈቱ። አንቀጽ 89 የሚከለክለው በሕጉ ኢንዲያን ያልሆነን ነው አይደል? እነሱ የይዞታ ወረቀቱን ከመሃላቸው የተመረጡ ባለአደራዎች እንዲይዙት አደረጉ። ተበዳሪው ቢያቅተው ባለአደራዎቹ ለሌላ የመንደሩ ሰው ይሸጡታል፤ መሬቱ ከሞሃውክ እጅ አይወጣም፣ ተቋሙም ገንዘቡን ያገኛል። ሕግ ሳይነኩ ሕጉን አለፉት። ይሄን ሳስብ ሁልጊዜ ፈገግ እላለሁ።

ቫንኩቨር ያሉት ስኳሚሾች ደግሞ ከተማው መሃል በተመለሰላቸው መሬት ላይ ሴናክ የሚባል ከ6,000 በላይ አፓርታማ ያለው ፕሮጀክት ጀምረዋል፤ በ2022 ከሲኤምኤችሲ 1.4 ቢሊዮን ዶላር ብድር ተፈቅዶለታል። ለሊዝ የተመደበ መሬት ላይ ያለ የሊዝ መብት በዋስትና ሊያዝ ይችላል፣ ሕጉ ያንን ቀዳዳ ትቷል። ግን ኪራዩን የሚከፍለው የቫንኩቨር ነዋሪ ነው። አንተ የምትሄድበት ቦታ ያ ገበያ የለም፣ ስለዚህ ሴናክን እያሳየ «እናንተስ?» የሚል ሰው ሲመጣ ዝም በለው።

ስለ ኪራዩ፦ አዎ፣ አንተ ነህ የምትወስደው። ብዙ ቦታ በኢንዲያን አክት መሠረት ቺፍና ካውንስል (አለቃውና ምክር ቤቱ) የሚመረጡት ለሁለት ዓመት ነው። መንደሩ ትንሽ ነው፤ ያልከፈለው ሰው የአንዱ ካውንስለር የአክስት ልጅ ነው፣ የምርጫ ድምፅ ነው፣ የቀብር ሣጥን ተሸካሚ ነው። ከዚያም በላይ ሽማግሌዎቹ ቤት በውል የተገባልን ቃል ነው ይላሉ፤ መሬቱን ሰጥተናል፣ ኪራይ ለምን? ይሄን ለመከራከር አትሞክር፣ ቦታህም አይደለም። እኔ የሠራልኝ ኪራዩን «የቤቱ ጥገና» ብሎ መጥራትና በየወሩ ምን እንደተጠገነ በዝርዝር መለጠፍ ነበር፦ የማን በር፣ የማን ፈርነስ፣ ስንት ዶላር። ሰው የጎረቤቱ ማሞቂያ ሲተካ ካየ ይከፍላል። ሁሉም አይደለም፣ ግን ከበፊቱ ይበዛሉ።

ከመፈረምህ በፊት የመጨረሻውን የኦዲት ሪፖርትና የመጠባበቂያውን የባንክ መግለጫ ጎን ለጎን ጠይቅ። ሁለቱ አይገጥሙም፣ አትደንግጥ። የምታየው ሰዎቹ ልዩነቱን ሲያስረዱህ በግልጽ መናገራቸውን ነው። ቀጥሎ ከመንደሩ ልጆች ማን ቧንቧና ማሞቂያ እንደሚሠራ ጠይቅ። የሙያ ፈቃድ ያለው አንድ እንኳ ካለ የዚያን ልጅ ደመወዝ ከራስህ በላይ ተሟገትለት፤ ቻርተሩን የሚያስቀረው እሱ ነው።

የጎፋ ልጅ

ተባረኪ። ባለቤቴና ሁለቱ ልጆች አብረውኝ ቢመጡስ? ባለ ሦስት መኝታ ቤት እንሰጥሃለን ብለውኛል።

ሒሳብ ሹሟ

ያ ባለ ሦስት መኝታ ቤት ወረፋው ዝርዝር ላይ ካለ አንድ ቤተሰብ የተወሰደ ነው፤ የትኛው ቤተሰብ እንደሆነ መንደሩ ሁሉ ያውቃል፣ አንተ ብቻ አታውቅም። የአስተማሪዎቹ ትሬይለር ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ካለ እሱን ጠይቅ። ቤተሰቡ የመጀመሪያውን ዓመት ዊኒፔግ ይቆይ። ቡናና በርበሬ ይዘህ ግባ፣ ግን የሻንጣ ኪሎ ላይ ይጠነቀቃሉ።