የተሰበረው የአሸዋ ቅንጣት ስብርባሪ ይፈነዳብኛል፤ ምን ላድርግ?

ሰላም ለሁላችሁ። የሲሊካ አሸዋን የአንድ አቅጣጫ ጭመቃ በያዴ (የእያንዳንዱን ቅንጣት እንቅስቃሴና ንክኪ በሚያሰላ የኮምፒውተር ፕሮግራም) እያስመሰልኩ ነው። ቅንጣቶቹ 2 ሚሜ ዲያሜትር ያላቸው ሉሎች ናቸው። አንዱ ጥንካሬው ሲታለፍ ወላጁን (የተሰበረውን ሉል) አጥፍቼ በ2 እኩል ሉሎች እተካዋለሁ። ክብደት እንዳይጎድል የእያንዳንዳቸው ዲያሜትር 1.59 ሚሜ መሆን አለበት። ችግሩ እዚህ ነው፦ ወላጁ ውስጥ ሳስገባቸው 1.17 ሚሜ ያህል ይደራረባሉ። በቀጣዩ የስሌት የጊዜ እርምጃ ስብርባሪው እንደ ጥይት ይወረወርና ጎረቤቶቹን ያለአግባብ ይሰብራል። የጊዜ እርምጃውን በግማሽ ቀነስኩ፤ ምንም ለውጥ የለም፤ ጉልበቱ የሚመጣው ከድርርቡ ነዋ! ጭነቱን አቁሜ፣ እስኪረጋጉ ድረስ ፍጥነታቸውን በየ50 እርምጃው ዜሮ ላድርግ? ወይስ በማይደራረቡ 14 ትንንሽ ሉሎች ልተካ? በዚህኛው ክብደት ይጎድላል፤ የጎደለውን በክፍተት ሬሾ (የባዶ ቦታው ይዘት ለቅንጣቶቹ ይዘት ሲካፈል) ስሌት ውስጥ እንዴት ነው የምትይዙት?