የቅንቅን ክትባት የት ይገኛል? ዶሮዎቼ እያለቁብኝ ነው

የሰላም እናት፦ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ዛሬ ጠዋት ሁለት ጣይ ዶሮ ሞተው አገኘሁ። የቀሩትም ራሳቸው ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ነጥቷል፣ እንቁላል ቀንሷል፣ ቅርፊቱ ላይም የደም ነጠብጣብ አለ። ማታ ስገባ ክንዴን ይበላኛል። የፈንግልም የጉምቦሮም ክትባት በጊዜው ሰጥቻለሁ። የቅንቅኑን የት ልግዛ?

ዶሮ ወዳጅ፦ አመድ በትኚበት እህቴ። እናቴ በአመድ ነበር የምታጠፋው።

ጭቁኑ ገበሬ፦ ቅንቅን መሆኑን ማን አየ? ቅማልስ ቢሆን? ቅማል ቀንም ላባ ሥር ይገኛል። ስንት ዶሮ እንዳለሽም አልነገርሽንም።

የቢሾፍቱ ልጅ፦ የሚሸጥ የቅንቅን ክትባት የለም እህቴ። ፈንግልና ጉምቦሮ በቫይረስ ነው የሚመጡት፤ ይሄ ግን ማታ ወጥቶ ደም መጥጦ ቀን ስንጥቅ ውስጥ የሚደበቅ ተባይ ነው። ስኮትላንድ ያለው የሞርደን የምርምር ተቋም ግን እየሞከረ ነው። ሐሳቡ ቅንቅኑ ከደሙ ጋር የዶሮዋን አንቲቦዲ (ክትባት ሲሰጣት ሰውነቷ የሚሠራውን መከላከያ) እንዲውጥና እንዲጎዳ ነው። ከራሱ ከቅንቅኑ የወጣ ፕሮቲን የተወጉ ዶሮዎች ቤት ውስጥ የቅንቅኑ ቁጥር በ78 በመቶ ቀነሰ። በላብራቶሪ ያባዙት ፕሮቲን ግን በዚያው ሙከራ አልሠራም። በብዛት ማምረቱ ላይ ነው የተያዘው።

ዶሮ ወዳጅ፦ አመድ ብያለሁ እኮ!

ትዕግስት፦ ዛሬ ምን ታድርግ እንጂ! እህቴ፣ ሲመሽ በባትሪ ግቢ። ነጭ ወረቀት ቆጡ ጫፍ ላይ ጥረጊበት፣ ከዚያ ጨፍልቂው። ወረቀቱ ላይ ቀይ ምልክት ከተወ ቅንቅን ነው። ቆጡን አውጥተሽ በፈላ ውኃ እጠቢ፣ ስንጥቁን ሁሉ ድፈኚ። በሞቃት ቤት በሳምንት ገደማ ስለሚራባ አንዴ አጥቦ መተው ዋጋ የለውም፣ ባዶ ቤትም ውስጥ ወራት ይቆያል። ያገኘሽውን ፀረ ተባይ ግን እንዳትረጪ። በ2017 እ.ኤ.አ. ኔዘርላንድስና ቤልጂየም ፊፕሮኒል የተባለ መድኃኒት ለዚሁ ቅንቅን ተረጭቶ እንቁላል ውስጥ ተገኘ፣ ሚሊዮኖች እንቁላል ተጣለ። አውሮፓ በመጠጥ ውኃ የሚሰጥ ፍሉራላነር የሚባል መድኃኒት አለ፣ በ7 ቀን ልዩነት ሁለቴ ነው። የእንስሳት ሐኪም ጠይቂ።

የሰላም እናት፦ ሞከርኩት። ሚስማሩ ሥር እንደ ግራጫ ትቢያ ነበር፣ ስጨፈልቀው ወረቀቱ ቀላ። 120 ዶሮ ናቸው። ውኃ ጥጃለሁ።

ትዕግስት፦ ጎሽ። እንቁላል የሚጥሉባቸውን ሳጥኖች ሥርም እዪ።

ጭቁኑ ገበሬ፦ እህት፣ ሳምንት ሆነ። ዶሮዎቹ እንዴት ናቸው?