ቄሳር በመናፍስቱ ግብዣ ላይ ምን ይሠራል?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። «ሆንትድ ማንሽን» (መናፍስት የሚኖሩበት ቤት) በተባለው የዲዝኒ መዝናኛ፣ ጎብኚዎችን የሚያዞረው ጋሪ ትልቁ አዳራሽ ሲደርስ ከገበታው ዙሪያ ከተቀመጡት መናፍስት መካከል አድናቂዎች ዩልዮስ ቄሳር ነው የሚሉት አንድ ተጋባዥ አለ። አንድ የሮማ ንጉሠ ነገሥት ከአሜሪካ ያረጀ ቤት ምን ያገናኘዋል? ምክንያት ያለው ነገር ነው ወይስ እንዲያው ለማሟያ የገባ?

መልስ 1፦
የቤቱ ታሪክ ራሱ መልሱን ይዟል። ዋልት ዲዝኒ ቦታውን ያሰበው ቤት ላጡ መናፍስት መጦሪያ እንዲሆን ነበር፤ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 9 ቀን 1969 በዲዝኒላንድ ሲከፈትም ተራኪው መንፈስ 999 ነዋሪዎች እንዳሉና ለአንድ ተጨማሪ ቦታ እንደተረፈ ለጎብኚው ይነግራል። ስለዚህ ነዋሪዎቹ የአንድ ቤተሰብ ሙታን አይደሉም፤ ከየትኛውም ዘመንና አገር ሊመጡ ይችላሉ። ተራኪው ግን ቄሳርን በስም አይጠራውም።

መልስ 2፦
እኔ ደግሞ ነገሩን የቋንቋ ቀልድ አድርጌ ነው የማየው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ሲደነግጡ «የታላቁ ቄሳር መንፈስ!» የሚሉት የቆየ አነጋገር አለ፤ በሱፐርማን ታሪኮች ውስጥ የጋዜጣው አዘጋጅ ፔሪ ዋይት ዘወትር የሚለውም ይህንኑ ነው። አድናቂዎች ለገበታው እንግዳ የሰጡት ስምም ይኸው በመሆኑ፣ በአማርኛ ሲነገር ቀልዱ ቢጠፋብን አይገርምም። መንፈሱን ታዋቂ ያደረገው ሼክስፒር ነው። የጥንቱ ግሪካዊ ጸሐፊ ፕሉታርክ በጻፈው ታሪክ፣ ከቄሳር ገዳዮች አንዱ ለሆነው ለብሩተስ በሌሊት የተገለጠለት አካል ራሱን የብሩተስ ክፉ መንፈስ ብሎ ከመጥራትና በፊልጵስዩስ እንደሚገናኙ ከመንገር በቀር ቄሳር ነኝ አላለም፤ ሼክስፒር ግን የሟቹን የቄሳርን መንፈስ ራሱን መድረክ ላይ አወጣው።

አንድ እርማት ላክል፦ ቄሳር ንጉሠ ነገሥት አልነበረም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት፣ የዕድሜ ልክ አምባገነን ተብሎ ከተሾመ ብዙም ሳይቆይ፣ መጋቢት 15 ቀን በ23 የጩቤ ቁስል ሞተ። ሴኔቱ ከሰጠው ክብር ሁሉ አብልጦ የወደደው የሎሬል ቅጠል አክሊል ሁልጊዜ የመድፋት መብትን እንደነበር ሮማዊው የታሪክ ጸሐፊ ስዌቶኒየስ ጽፏል፤ ምክንያቱ ደግሞ መላጣውን ስለሚሸፍንለት ነው። (ከታሪኩ ሁሉ እኔን የሚያስቀኝ ይህ ነው።)

መልስ 3፦
ከላይ ያሉት ስለ ማንነቱ ስለተናገሩ እኔ ስለ አሠራሩ ብቻ ልጨምር። ገበታውና ወንበሮቹ በእርግጥ አሉ፤ ተጋባዦቹ ግን እዚያ አልተቀመጡም። በሞተር የሚንቀሳቀሱት አሻንጉሊቶች ከተመልካቹ ዓይን ተሰውረው ሌላ ቦታ ላይ ናቸው፤ በተመልካቹና በአዳራሹ መካከል የቆመው ግዙፍ መስታወት ምስላቸውን ሲያንጸባርቅ ባዶው ወንበር ላይ የተቀመጡ ይመስላሉ፤ መብራታቸው ሲጠፋም ይሰወራሉ። ዘዴው «የፔፐር መንፈስ» ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1862 በለንደን ለተመልካች ባሳየው በጆን ሄንሪ ፔፐር ስም ነው የሚጠራው። ነጸብራቅ ቀኝና ግራን ስለሚገለብጥ፣ እዚያው አዳራሽ ውስጥ የሚደንሱትን ጥንዶች ልብ ብላችሁ ብታዩ፣ ዳንሱን የሚመሩት ሴቶቹ ሆነው ታገኟቸዋላችሁ።

ጠያቂው፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። «ንጉሠ ነገሥት» ያልኩት ስህተት መሆኑን ተቀብያለሁ፤ የዳንሱን ነገር ግን ያን ያህል ጊዜ ቪዲዮውን ደጋግሜ ሳይ አላስተዋልኩትም ነበር።