ከትምህርት ቤት ደጃፍ የሲጋራ መሸጫዎች ቢነሱ የተማሪዎች ማጨስ ይቀንሳልን?

የሁለተኛ ደረጃ መምህር፦ አቋሜ መነሳት አለባቸው የሚል ነው። ከምናስተምርበት ግቢ በር ፊት ለፊት ባለች ኪዮስክ መስኮት ላይ ማስቲካው፣ ከረሜላውና ተከፍቶ የተቀመጠው የሲጋራ ፓኮ ጎን ለጎን ተደርድረዋል፤ ላይተሩም ማንም እንዲለኩስበት በክር ታስሮ ተንጠልጥሏል። በቀን ሁለት ጊዜ በዚያ የሚያልፍ የ15 ዓመት ልጅ ሲጋራን እንደ ማንኛውም የሱቅ ዕቃ ማየት ይለምዳል። ወደ ማጨስ የሚገባው በአንድ ቀን ውሳኔ ሳይሆን በዚህ መላመድ ነው።

ባለሱቅ፦ መምህር፣ በአክብሮት ልቃወምዎ። እኔ ከትምህርት ቤት አጠገብ ስኳር፣ ዘይትና ሳሙና ስሸጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። ፈቃድ ያለኝን እኔን ብታስነሡ ሱቅ በደረቴ የሚያዞረው ልጅ በማግስቱ ቦታዬን ይይዛል፤ እሱን ደግሞ ደንብ አስከባሪ ሲመጣ እንጂ በሌላ ጊዜ ከበሩ የሚያርቀው የለም። በዚያ ላይ ሲጋራ ሊገዛ ከሚመጣው ልጅ ብዙው በአባቱ ወይም በአጎቱ የተላከ ነው። አልሸጥም ብለው ታላቁ ራሱ መጥቶ «ልጄን ለምን መለስከው» ብሎ ይቆጣኛል። ለእሱ ነው ወይስ ለላኪው ብዬ በምን ልለይ?

የኅብረተሰብ ጤና ባለሙያ፦ በተላከ ልጅ ጉዳይ ሕጉ ለእርስዎ ማምለጫ አይሰጥም። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው ትምባሆ መሸጥን ይከለክላል። ነገር ግን በርቀት ጉዳይ ከመምህሩ ይልቅ ወደ እርስዎ አዘነብላለሁ። በተለያዩ አገራት የተደረጉ ጥናቶች በትምህርት ቤት ዙሪያ ባሉ መሸጫዎች ብዛትና በተማሪዎች ማጨስ መካከል ያገኙት ግንኙነት ወጥ አይደለም፤ በመኖሪያ ሰፈር ያሉት መሸጫዎች ከማጨስ ጋር የበለጠ ተያይዘው የተገኙበት አጋጣሚም አለ። ሻጭ ገዢ ወዳለበት ስለሚሄድም የትኛው የትኛውን እንዳመጣ መለየት አስቸጋሪ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ የፍሬ ሽያጩ፣ ማለትም ፓኮ ተፈትቶ ሲጋራው አንድ በአንድ መሸጡ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ 20 ፍሬ በሚይዝ ፓኮ ላይ፣ ከ30 በመቶ ታክስ በተጨማሪ፣ 8 ብር ጥሏል። ፓኮው ሲፈታ ግን ይህ 8 ብር በፍሬ 40 ሳንቲም ብቻ ይሆናል፤ በምሳ ገንዘቡ ለሚገዛ ተማሪ እንቅፋት አይደለም። የፓኮውን ፊትና ጀርባ 70 በመቶ እንዲሸፍን የታዘዘው ማስጠንቀቂያም ከሱቁ መደርደሪያ ላይ ሲቀር ልጁ ፍሬዋን ብቻ ይዞ ይሄዳል። ኢትዮጵያ በ2006 ዓ.ም. ያጸደቀችው የትምባሆ ቁጥጥር ማዕቀፍ ስምምነት በአንቀጽ 16 አገራት የፍሬ ሽያጭን ለመከልከል እንዲጥሩ ያሳሰበው ያለ ምክንያት አይደለም።

ወላጅ፦ አጫሹ ጥቂት በሆነበት አገር ይህን ያህል መከራከር ያስፈልጋልን?

የኅብረተሰብ ጤና ባለሙያ፦ ጥቂት መሆኑ እውነት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ትምባሆ የሚጠቀሙ አዋቂዎች 5 በመቶ ነበሩ። በዚያው ዓመት ግን ጃፓን ቶባኮ የብሔራዊ ትምባሆ ድርጅትን 40 በመቶ ድርሻ በ510 ሚሊዮን ዶላር ገዝቷል፤ ያን ያህል ገንዘብ የወጣው በጡረተኞች ተስፋ ተደርጎ አይመስለኝም።

የሁለተኛ ደረጃ መምህር፦ የፍሬ ሽያጭ መከልከሉን እደግፋለሁ፤ ሆኖም በሴኮንዶች የሚያልቅን ግብይት ማን ቆሞ ይጠብቃል? ርቀት ግን በሜትር የሚለካ፣ ክርክር የማያስነሣ ነገር ነው። ህንድ እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣችው ሕግ ከትምህርት ተቋም በ100 ያርድ ክልል ውስጥ ሽያጩን የከለከለችው ለተቆጣጣሪ እንዲመች ጭምር ይመስለኛል።

ባለሱቅ፦ እንግዲያው ሱቁ ይቆይ፣ ሲጋራው ይውጣ። ከሽያጬ ትልቁ ክፍል ስላልሆነ እተወዋለሁ፤ ነገር ግን ከእኔ ቀጥሎ ያሉት ሦስቱም ኪዮስኮች በአንድ ቀን እንዲተዉ ይደረግ፤ አለዚያ ደንበኛዬ ለስኳሩም ለሳሙናውም ወደ እነሱ ይሄዳል።